ቆርቆሮ የሚከተላት ልጅ

በክረምት መውጫ ጎንደር ላይ መኖርና እንቅልፍ ውስጥ መኖር ብዙም አይለያዩ። ጠዋት በር ስትከፍቱ ከተማው የለም፤ ጉም ይዞት ሄዷል። ቆየት ብሎ አንድ ጣሪያ ይመጣል፣ ቀጥሎ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ፤ እንዲህ እያለ ከተማው ተለቃቅሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን እያየሁ ዓይኔን ከደን ገለጥ ማድረግ እወዳለሁ። ምራቴ ሰብለ «እማማ ተኝተዋል» ትላለች። አልተኛሁም። ዓይኑን የከደነ ሁሉ ተኛ ከተባለ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያንቀላፋው ሹም ምን ሊባል ነው?

ይህን በልጄ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ትንሽ ግን በልጄም ማለቴ ነው። ልጄ ምናሉ የከተማው ትልቅ ሹም ነው። የሹመቱ ስም ረጅም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ብቻ መንገዱም፣ ውኃውም፣ ትምህርት ቤቱም በሱ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል ይላሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውንና የሱቅ ማስታወቂያ አነባለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ሰው ሲያነብልኝ እሰማለሁ። የሰማሁትን ደግሞ አልረሳም። ለሹም እናትነት ይህ ሸጋ ጠባይ አይደለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ምናሉ በቴሌቪዥን ወጣ። ኮቱ ያምራል፣ ጠጉሩም ተበጥሯል። «የመንግሥት ትምህርት ቤት የድኻ ልጅ መጠለያ አይደለም፤ የሁላችንም ልጆች የሚማሩበት የሁላችንም ቤት ነው» አለ። ሁላችንም ያለውን በጆሮዬ ሰማሁ። የልጅ ልጄ ሜላት በዚያው መስከረም አንደኛ ክፍል የምትገባ ነበረች። ደስ አለኝና በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላሙ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። ለጎረቤቴ ለእታገኝም ነገርኳት። እታገኝ በርበሬ ቸርቻሪ ናት፤ ልጇ ብርቄና ሜላት በአጥር ቀዳዳ እየተሿለኩ አብረው ያደጉ ናቸው።

«የኔዋ ሜላት ከናንተ ልጆች ጋር ልትማር ነው» አልኳት።

«አባቷ ያውቃል?» አለችኝ።

«እሱ ራሱ ነው የተናገረው።»

«መናገሩንማ እኔም ሰምቻለሁ። ያውቃል ወይ ነው ያልኩዎ።»

እታገኝ እንዲህ ናት። በርበሬ ስትቀነጥስ ኖራ ምላሷም ለምዶባታል።

ቤት ስመለስ ሰብለ አልጋ ላይ ልብስ ዘርግታ ትስቃለች። የግል ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ አጭር ቀሚስ፣ ከዚያም ክራቫት። የወተት ጥርሷ ገና ተነቅሎ ላላለቀ ልጅ ክራቫት። ብር ከተከፈለ ሰንብቷል፣ ወንበር ተይዟል፣ ቢጫው አውቶቡስ በየትኛው በር እንደሚቆም ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

እኔ ፊቴን ስጥል ሰብለ ብልህ ናትና «እማማ፣ አይፍረዱ፤ መጀመሪያ አብረን ሄደን ይዩት» አለችኝ። ሄድን። እውነቱን እናውራ ከተባለ ቦታው ያምራል። ሣሩ ተከርክሟል፤ የሚንሸራተቱበት አለ፤ ወንበሩ ሲቀመጡበት ሰውን ወደ ውስጥ ይጎትታል። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ልቤ ራሱ ተንሸራተተ። ሜላት በዚያ ሣር ላይ ስትሮጥ፣ ፈረንጅ ቋንቋ እንደ ውኃ ስትቀዳ፣ አድጋ ወደ አገሬ ወደ ወገራ ሰማይ በአውሮፕላን ስትመጣ ታየኝና ዓይኔ ክድን አለ።

ስነቃ አንድ ትንሽ ልጅ ፊት ለፊቴ ቆሞ እግሩን ያጣምራል። አጣመረ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣመረ። አስተማሪቱ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቀዋለች። እሱ ቃሉን አያውቀውም። ቃሉ ባይመጣም ሌላው ነገር እየመጣ ነው።

«ልጄ፣ ሽንት ቤት ውሰጂው እንጂ» አልኳት።

«እማማ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ በአማርኛ አይወራም» አለችኝ፣ በአማርኛ።

ልጁ በዚያው ቃል ሳያስፈልገው ተገላገለው። እኔም ተነሣሁ።

በዚያ ዕለት ራት ላይ ልጄን ያዝኩት። «ምነው የኔ ልጅ፣ በቴሌቪዥን ያልከው ሌላ፣ በቤትህ የምታደርገው ሌላ ሆነ?»

«እማ፣ ያ ለሕዝብ የተነገረ ነው።»

«አንተስ ከምን ወገን ነህ?»

ሰብለ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ምናሉ እንጀራውን እየቆረሰ «እዚያ እኮ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ነው የሚቀመጠው፣ እማ» አለኝ።

«ማን አስቀመጣቸው?»

ዝም አለ። ዝም ያለን ሰው መምታት ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጨመርኩበት። አባቱ አያ በላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቅርጫ በታረደ ቁጥር ሥጋ የሚመድበው እሱ ነበር። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረጋል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። በኛ መንደር መዳቢው ግን ዕጣ የለውም። ሰው ሁሉ አንሥቶ የቀረው መደብ የሱ ነው። ስለዚህ መዳቢ አንዱን መደብ ጮማ፣ ሌላውን አጥንት አያደርግም፤ አጥንቱ ዞሮ የራሱን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ያውቃላ። አያ በላይ ሲመድብ ሚዛን ይመጣ ያለ ሰው አልነበረም።

«አንተ ዛሬ የትምህርት ቤቱ መዳቢ ነህ። ልጅህ የተረፈውን ታንሣ» አልኩት።

«ልጄ ሥጋ ናት እንዴ፣ እማማ?» አለች ሰብለ።

«የሰውስ ልጅ ሥጋ ነው?»

ያሸነፍኩት በምላሴ እንዳይመስላችሁ። ያሸነፍኩት በደጀ ሰላሙ ወሬ ነው። ወሬው በዚያን ጊዜ አዘዞ ደርሶ ተመልሶ ነበር። ምናሉ ቢሮው ሲገባ ሰው ሁሉ እየተነሣ «አርአያ ሆንክልን» ይለዋል። አርአያ የተባለ ሰው ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። «በሉ ትግባ» አለ። ሰብለ ክራቫቱን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ሣጥኑን ግን አልቆለፈችውም።

ልጅቷን ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። እንደ ሰው ተሰለፍኩ። መዝጋቢው ወጣት ቀና ሳይል «ስም» አለኝ። «ሜላት» አልኩ። «የአባት ስም» አለኝ። ነገርኩት። ያን ጊዜ ቀና አለ፤ ቀና ብሎም አልቀረ፣ ተነሣ፤ ተነሥቶም አልቀረ፣ ሮጠ። ርእሰ መምህሩ እጁን እያሻሸ መጣ። የቆመበት መሬት የሚከዳው የሚመስል፣ ደግ ግን ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው።

«እማማ፣ ምነው ራስዎ ደከሙ? ስልክ ቢደወልልን በቂ ነበር።»

«በስልክ የምትማር ከሆነ እንደውልላችኋለን» አልኩት።

እንግዲህ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሜላትን ይዤ ስደርስ ቢጫው አውቶቡስ ከበሩ ቆሟል። መንገድ ተሳሳትኩ ብዬ ነበር። ለካ ሌሎቹ ሹሞች ምናሉ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብለው ልጆቻቸውን ከግሉ አውጥተው፣ አውቶቡሱንም ጭምር ይዘው ተከትለዋል። አንደኛ ክፍል ሀ ኖራ ተቀብቷል፤ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ አዲስ ዴስክ ገብቷል፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ሙሽራና ሚዜ ተቀምጠዋል። ለ፣ ሐ እና መ ደግሞ እንደነበሩ ናቸው። ከሀ የወጣው አሮጌ ዴስክ እንኳ እግሩ ተሰብሮ ግቢው ውስጥ ወድቋል። እኔ ልጅቷን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ላክኋት፤ የግሉ ትምህርት ቤት ተከትሏት መጣ።

እታገኝ ብርቄን ወደ መ አስገብታ ስትመለስ በአጠገቤ አለፈች።

«እማማ፣ አልዋሹም» አለችኝ። «ከልጆቻችን ጋር ትማራለች። በመስኮት ትተያያለች።»

ሌላ ሰው ቢለኝ በመለስኩለት ነበር። እሷ ስትለኝ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ዞርኩ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ «ልጆቹ በዕጣ ይመደቡ» አልኩ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ መመሪያ የለም።»

«ዕጣ መመሪያ አይፈልግም። ዓይን የሚሸፍን ሰው ነው የሚፈልግ።»

የሹምን እናት እምቢ ማለት አልሆነለትም። ወላጆቹ ይህን ሲሰሙ ግቢው ሞላ። እንደ ቅርጫው ነው፤ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ምልክት ይሰጣል። አንዱ አዝራር፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዷ የጠጉር ሽቦ፣ የአንዱ ሹም ሚስት ሲም ካርድ። የአንዱ ሹፌር የማኪና ቁልፍ ሰጥቶ ዕጣው እስኪያልቅ ማኪናዋ መንገድ ዘግታ ቆመች። እታገኝ አንዲት ዛላ በርበሬ። እኔ ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዘዝኩ። ሁሉም ጆንያ ውስጥ ገባ። ዘበኛው አያ ሞላ ፊቱን በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ከጆንያው አንድ አንድ እያወጣ ለአራቱ ክፍል በተዘረጉ አራት ቅርጫቶች በተራ ያድል ጀመር። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። በቅዳሴ ጊዜ እንዲህ ዝም ቢባል ጸሎታችን ቶሎ በደረሰ ነበር።

ክሬ መ ቅርጫት ውስጥ ወደቀች።

መ ክፍልን ቀደም ብዬ አይቻታለሁ። ግድግዳዋ ሸጋ ነው፤ ጣሪያዋ ግን ወንፊት ነው። ጠዋት ጠዋት የፀሐይ ጨረር በየቀዳዳው እየገባ ልጆቹ ላይ ሲያርፍ ከሩቅ ላየው ሥዕል ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ ግን በዚያው ቀዳዳ ነው የሚመጣው።

ርእሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ክር ቀላል ነገር ነው። ነፋስ ገፍቶት ይሆናል። ይደገም?»

እውነት እላችኋለሁ፣ አፌ ይደገም ሊል ተከፍቶ ነበር። ፍትሕ የሰው ልጅ ላይ ስትደርስ ጣፋጭ ናት፤ የራስ ልጅ ላይ ስትደርስ ግን ነፋስ ነበር ወይ ብሎ ያስጠይቃል። ቀና ስል እታገኝን አየኋት። አትስቅም፣ አትቆጣም፤ ብቻ ታየኛለች። የሷ በርበሬ እዚያው መ ቅርጫት ውስጥ ነበረች።

«ነፋሱም የእግዜር ነው» አልኩ፣ ሳልወድ።

ሜላት ይህን ሁሉ አልሰማችም። ብርቄን እጇን ይዛ ወደ መ እየሮጠች ነበር።

ከዚያ የመስከረም ዝናብ ክረምቱ የረሳውን ሁሉ ሊያደርስ መጣ። ሜላት ጫማዋ ውስጥ ውኃ ይዛ ትመለሳለች። «እምዬ» ትለኛለች፣ «ቲቸር ቁጥር የምታስተምረን በጠብታ ነው። ጠብ ሲል አንድ፣ ጠብ ሲል ሁለት። ብርቄ ትቀድመኛለች።» ትምህርቱን ወዳዋለች። ደረቷ ግን አልወደደውም። በሳምንቱ መጨረሻ ድመት የዋጠች ይመስል ደረቷ ኩርር ማለት ጀመረ። ዳማከሴ አሽቼ አጠጣኋት፣ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ አብሬያት ተጋደምኩ። ሰብለ አልጮኸችብኝም። ቢጮኹ ይሻላል። በሩ ላይ ቆማ፣

«እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እስከ ሰኞ ካልተሻላት ክራቫቱን አስርላታለሁ» አለችኝና ሄደች።

ምን ልበላት? የልጅን ሳል በምሳሌ አይመልሱትም። አጠገቧ ተኝቼ ስሰማ ሳሉ አንዴ ወደ ግል ትምህርት ቤቱ ሣር፣ አንዴ ወደ መ ጣሪያ ይዞኝ ሲመላለስ ዋለ። አንቺ አሮጊት፣ እያለኝ፣ በመንደርሽ ቅርጫ ሰበብ በልጅ ሳንባ ትጫወቻለሽ?

እሑድ ሳሉ ለቀቃት። ሰኞ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የመ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ሆኖ ያንጸባርቃል፤ ከፋሲል ግንብ ላይ የቆመ ሰው ሳያየው አይቀርም። ማን ሠራው ብል የሚያውቅ የለም። ምናሉን ስጠይቀው «በዕቅድ የተያዘ ነበር» ብሎ ውኃ ጠጣ። ውኃ ሲጠጣ እየዋሸ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቃለሁ።

ደስ ብሎኝ ዞር ስል ለ እና ሐ እንደ ድሮው ወንፊት ናቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ሜላት ሀ ትገባለች ሲባል ሀ ኖራ ተቀባ። መ ስትገባ መ ቆርቆሮ ለበሰ። ቆርቆሮው ልጅቷን ይከተላታል።

ቤቴ ተመልሼ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔንም ከደንኩ። ሜላትን በበቅሎ አስቀምጫት ከጎንደር ስወጣ ታየኝ። ከበላያችን ቆርቆሮ እንደ ወፍ መንጋ ተሰልፎ ይበራል፣ ክንፉ ሲጋጭ ከበሮ ይመስላል። እንፍራንዝ ስንደርስ ጥቂቱ ከመንጋው ተለይቶ ወርዶ በትምህርት ቤቱ ላይ ዐረፈ። ተመልሰን ወገራን ወጣን፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በር የሌለው ሽንት ቤት በር አወጣ። ዳባትን፣ ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን ወደ አዲ አርቃይ ስንወርድ መምህራን እየወጡ እልል ይላሉ። ከኋላችን ምናሉ በኮቱ፣ ምስማር በጥርሱ ነክሶ፣ መዶሻ ይዞ «እማ፣ ቀስ በይ» እያለ ይሮጣል። ሕልም ነው አትበሉኝ። አልተኛሁም።

በነጋታው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «ሜላት ወደ ለ ትዛወር» አልኩት።

ደነገጠ። «ዕጣውስ፣ እማማ?»

«ዕጣውን ጨረሰች። ጣሪያው ሲሠራ ከለ ወደ ሐ ትሄዳለች። ከዚያ ሽንት ቤቱ ይቀራል።»

«ሽንት ቤት ውስጥ ማስተማር አንችልም፣ እማማ።»

«አታስተምሯት። አጠገቡ ትቁም።»

ሰውየው እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አለው። እሺ ባይ ነው፣ እሺ አለኝ። እምቢ ያለችኝ ሜላት ናት። ከትምህርት ቤት መልስ ዳቦዋን ይዛ ስትሰማኝ ቆየችና፣

«እኔ ከብርቄ ጋር ነው የምቀመጠው» አለች።

«የለ ክፍል ልጆች ዝናብ ሲመታቸው አያሳዝኑሽም?»

«ያሳዝኑኛል።» ዳቦዋን ገመጠች። «ግን እምዬ፣ ጣሪያ የሚሠራው አባዬ ነው። እሱ ለምን ለ አይገባም?»

ያን ሁሉ ሰሞን ለሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ሳወጣ ይህችን ልጅ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም። አባቷ በጥቅም፣ እናቷ በክራቫት፣ እኔ በፍትሕ፣ ሦስታችንም ተራ በተራ ተሸክመናት ዞርን። እሷ የምትፈልገው ከብርቄ ጎን መቀመጥ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አግኝታለች፤ ሊወስድባት የመጣ ቢኖር እኔው ነኝ። ተውኳት።

የቀረውን ነገር ግን አልተውኩትም። ርእሰ መምህሩን የወላጅ ስብሰባ ጥራ፣ ስብሰባውም በለ ክፍል ይሁን አልኩት። ቀኑን እኔ መረጥኩ። የወገራ ሰው ደመና ያውቃል፤ ጠዋት ጉሙ በየትኛው ጋራ ላይ እንደተኛ አይቶ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያወርድ ይነግራችኋል።

ምናሉ ለትንሽ ጊዜ ነው የምቆየው ብሎ መጣ። ሰብለም መጣች። ሁላችንም በልጆቹ ዴስክ ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን፤ የልጄ ጉልበት አገጩ ላይ ደርሷል። ርእሰ መምህሩ «ክቡራን ወላጆች» ሲል ሰማዩ ተቀበለው። የመጀመሪያው ጠብታ የምናሉ ትከሻ ላይ ዐረፈ። ወደ ቀኝ ተጠጋ። እዚያም አገኘው።

«አቶ ምናሉ፣ እዚህ ጋ ደረቅ ነው» አለች እታገኝ፣ ከጎኗ ፈቀቅ ብላ። ሄዶ ተቀመጠ። ደረቅነቱ ብዙ አልቆየም። «እንግዲያ እዚያ ጋ ይሞክሩ» አለችው። እንዲህ እያለች ክፍሉን ሙሉ አዞረችው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰብለ እንኳ ሳቀች፤ ግን ቶሎ ወደ ጣሪያው አየችና ሳቋን ዋጠችው። በአጠገባችን የተቀመጠው የለ ክፍል ዴስክ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነበር።

ልጄ ስልኩን አወጣና ወደ ራሱ ቢሮ ደወለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው መስማት አልቻለምና ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

«የትምህርት ቤት ጣሪያ ጉዳይ ነው!» አለ እየጮኸ።

አንዲት ለስለስ ያለች ልጅ መለሰች። በዝናቡ ጩኸት ማን እንደሆነ አላወቀችውም። «አባባ፣ የጣሪያ ጥያቄ ከሆነ በጀት ሲለቀቅ በቅደም ተከተል ይታያል።»

«ኃላፊውን አገናኚኝ።»

«ኃላፊው የሉም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። በትዕግሥት ይጠብቁ» ብላ ዘጋችው።

ማንም አልሳቀም። ምናሉ ስልኩን አየው፣ ጣሪያውን አየው፣ ከዚያ ተቀመጠ፤ ጠብታውንም መሸሽ ተወ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከመ ደረቅ ጣሪያ ሥር፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲቆጥሩ ይሰማል። የሜላት ድምፅ ከሌሎቹ መካከል ተለይቶ አይለይም፤ እኔ ግን ለየሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ከአፍንጫው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እማ፣ ይህ ስብሰባ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲያባራ» አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ወገራ በኩል አየሁ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ የማይቸኩል ሌላ ደመና እየመጣ ነበር።